አማቴ የቀበሯት ብልቃጥ

ስለ ሕመም የሚጽፍ ሰው አንባቢውን ማስለቀስ ይወዳል። እኔ ማንንም ላስለቅስ አልተነሳሁም። ያናደደኝ ነገር አለ፣ የገባኝም ነገር አለ፤ ሁለቱንም እነግራችኋለሁ። ንዴቱ ከበዛባችሁ ታገሱኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጺሜን ሽበት ሲጀምረው በማታ ትምህርት ነው፤ አለሳልሶ መናገር የሚያስተምሩበት ክፍል ሳልደርስ አቋረጥኩ።

ሙሄ ይሉኛል። ከሚሴ ውስጥ ግንበኛ ነኝ። በዚያን ጊዜ ሐኪም የሚባል ፍጡር አላምንም ነበር። አባቴ የሞቱት ሐኪም ቤት ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተኝተው፣ «ነገ ኑ» ሲባሉ ነው። ምን እንደገደላቸው እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ከዚያ ወዲህ ነጭ ጋዋን ባየሁ ቁጥር ጥርሴ ይፋጫል።

ባለቤቴ ሐሊማ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ምላሷ ከእኔ የባሰ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው። አንድ ቀን ከሠርግ ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ ሳያት ወደ አንድ ጎን ተጋድላለች።

«ምን ሆነሽ ነው እንደተዛነፈ ጭነት የምታጋድዪው?» አልኳት።

«መንገዱ ነው።»

«ባጃጁ ቆሟል እኮ!»

ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋ ጠፋ። ቤት ገብተን በሩን ዘጋችና አሳየችኝ። ከጭኗ ኋላ፣ ከጉልበቷ ከፍ ብሎ፣ ብርቱካን የሚያህል እብጠት ወጥቷል። ቆዳው አልቀላም፣ አልቆሰለም። ስነካው እንደ ድንጋይ ደንዳና ነው፤ ሥሩ ወደ ውስጥ ጠልቋል።

«መቼ ነው የጀመረሽ?»

«ሎሚ ሲያህል ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አያምመኝማ! ደግሞ ጭኔን ለማን ላሳይ? ለአንተ? በውሃ ልክህ ልትለካው?»

እንዲህ ናት። እየፈራች እንኳ ትተርባለች።

ወሬው ጎረቤት ዘንድ ሲደርስ ምክር እንደ ዝናብ ወረደ። አንዷ፣ «ባቲ በጋለ ብረት የሚተኩስ ሰው አለ፤ እብጠቱ ራሱ ሟሙቶ ይጠፋል» አለች። ሌላው፣ «ስብ ነው፤ የግል ክሊኒክ ሄዳችሁ ቀደድ አድርጎ ያውጣላችሁ» አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ ያደላሁት ወደ ሁለተኛው ነበር። ይውጣና ይገላግለን። ግድግዳ ላይ ያበጠ ልስን ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ? ታነሱታላችሁ። እምቢ ያለችው ሐሊማ ናት። ከደሴ በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣ የቀዶ ጥገና ሐኪም አለ መባሉን ገበያ ሰምታ ነበርና እሱ ካላየኝ አለች።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ለረጅም ጊዜ ዳበሳት። ጭኗን እንድታጠብቅ፣ እንድታላላ አዘዛት፤ በሜትር ለካው፤ ደረቷን አዳመጠ።

«ከቆዳ ሥር ያለ ለስላሳ ነገር ቢሆን ስብ ነው ብዬ ዛሬውኑ አወጣው ነበር» አለ። «ይሄ ግን ጡንቻው ውስጥ ነው። ትልቅ ነው፣ እያደገም ነው። ምንነቱን ሳላውቅ አላወጣውም።»

«ሳታወጣው በምን ታውቀዋለህ?» አልኩት።

«ትንሽ ቁራጭ ብቻ እወስዳለሁ። ቁራጩ ደሴ ይመረመራል።»

«ዛሬ ቁራጩን፣ ነገ ሙሉውን። ከነገ ወዲያስ እግሯን?»

ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። ዐይኔን አየኝና፣ «እሱም ሊመጣ ይችላል። እንዳይመጣ ነው እየተጠነቀቅኩ ያለሁት» አለ። ነጭ ጋዋን ለብሶ እውነት የነገረኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። አፌን ዘጋሁ።

ሐሊማ ግን አልዘጋችም። «ዶክተር፣ ስማኝ። አንዴ ቁረጠኝ፤ እሺ ብያለሁ። ሁለተኛ ብትሉኝ ግን ወላሂ አልመጣም። እናቴ ቤት ገብቼ አልጋዬ ላይ እሞታለሁ።»

ሐሊማን አውቃታለሁ። ወላሂ ካለች አለቀ።

ቆረጣት። አጭር ቁመታዊ ጠባሳ ነው የተወው፤ ኋላ ትልቁ ቀዶ ጥገና ሲመጣ ቢላው እዚያው መስመር ላይ እንዲያልፍ አስቦ ነው። ቁራጯን ፈሳሽ ባለባት ትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ ውስጥ ከትቶ በእጄ ሰጠኝ። በእኛ አገር እንዲህ ነው፤ ናሙናውን ተሸክሞ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው ቤተሰብ ነው። «ነገ ደሴ ትድረስ» አለኝ። «አትክፈቷት። ፈሳሹ አይደፋ፣ ውሃም አይጨመርበት። ከፈሳሹ ከወጣች ትበሰብሳለች፤ ከበሰበሰች ምንም አትነግረንም።»

ቤት ስንደርስ አማቴ ከጨፋ ሮቢት መጥተው ጠበቁን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። በእኛ ዘንድ ሶዳ ይታፈራል፤ ሶዳ ማለት በጋብቻ የተዛመደ ሰው ነው፣ ከሁሉም ይልቅ አማት። ፊት ለፊት አይተያዩም፣ ስም አይጠራሩም። የአማቴን ስም እስከ ዛሬ አንድም ቀን አልጠራሁም፤ እዚህም አልጽፈውም። እኔ ስገባ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ወደ ጓዳ ይገባሉ። ሰላምታችን በኦሮምኛ፣ በግድግዳ በኩል ነው። «አካም ጅርታ?» እላለሁ፤ «ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ» የሚል ድምፅ ከጓዳ ይመጣል። በቃ። ብዙ ዓመት የኖርነው እንዲህ ነው።

ብልቃጧን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩና ለነገ ጠዋት የደሴ መኪና ላነጋግር ወጣሁ። ስመለስ መስኮቱ ባዶ ነው። ጓዳውም ባዶ ነው።

«ሐሊማ! ብልቃጧስ?»

የማደንዘዣው ድካም ይዟት እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ብድግ አለች። «እማ የት አለች?»

«የሉም።»

ፊቷ አመድ መሰለ። «ምንድን ናት ብላ ጠይቃኝ ነበር። ሥጋዬ ናት እማ አልኳት። ከዚያ ተኛሁ። ያ ረቢ! ወስዳ ልትቀብራት ነው!»

ገባኝ። ከሰው ገላ የወጣ ነገር፣ ጥፍርም ይሁን ጥርስ፣ ሜዳ አይጣልም፤ አፈር ይለብሳል። ከልጅነታችን የምናውቀው ነው። አሮጊቷ የልጃቸው ሥጋ እንደ ቃሪያ ስናፍጭ በብልቃጥ ተዘፍዝፎ መስኮት ላይ ተቀምጦ ቢያዩ ምን ያድርጉ?

«ካልሆነ ሌላ ቁራጭ ይወሰዳል» አልኩ፣ ራሴም ሳላምንበት።

«ከማን? ከእኔ? ምዬ የለም እንዴ ሙሄ!»

ሮጥኩ። ወደ ጨፋ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ተንጠላጠልኩ። መንገዱን ሙሉ የማስበው ስለ ብልቃጧ ክዳን ነበር። ከፍተው አውጥተዋት ከሆነ፣ አጥበዋት ከሆነ፣ እንደ ሬሳ ገንዘዋት ከሆነ አልቆልናል። ሐሊማ ምን እንደያዛት ሳናውቅ እያበጠች ትሄዳለች፤ እሷ ደግሞ ሁለተኛ ቢላ አታስነካም። አባቴም ምን እንደሆኑ ሳይታወቅ ነው የሄዱት።

ደጁ ላይ አያ እንድሪስ ተቀምጠዋል፤ የሐሊማ ሟች አባት ታላቅ ወንድም ናቸው። በሩ ላይ መጋረጃ ተጥሏል። ከመጋረጃው ኋላ የሰው ትንፋሽ ይሰማል።

«ሙሄ! በሰላም ነው? እንዲህ ላብ ያጠመቀህ?»

«በሰላም አይደለም አያ። ለቤቷ እናት ይንገሩልኝ። ከእኔ ቤት የወጣች ብልቃጥ አለች፤ መልሱልኝ እያልኩ ነው።»

አያ እንድሪስ ወደ መጋረጃው ዞሩ፤ በአንድ ክንድ ርቀት እኔን የሰማች ሴት ያልሰማች ይመስል። «ብልቃጧን መልሺ ይላል።»

ከኋላ ድምፅ መጣ። «ንገሩት፤ ብልቃጥ አላውቅም። የማውቀው የልጄን ሥጋ ነው። ለባለቤቱ መልሻለሁ።»

«ባለቤቱ ማነው ይበሉልኝ!»

«አፈር ነው በሉት።»

ደሜ ፈላ። ግን ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለብኝ ሌላ ነበር። «አያ፣ ይጠይቁልኝ። ከፍተው አውጥተዋታል ወይስ ከነብልቃጧ ነው?»

አያ እንድሪስ ጠየቁ። ደግመው ጠየቁ። መጋረጃው ነቃነቅ አለ።

«ልከፍተው ነበር» አሉ አማቴ፣ በቀጭን ድምፅ። «አጥቤ በነጭ ጨርቅ ልጠቀልላት ነበር። ዐይኔ አልችል አለ። እንደተዘጋች ጠቅልዬ ነው የቀበርኳት። አላህ አፉ ይበለኝ።»

ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ምርመራችንን ያተረፈው የአንዲት እናት አንጀት አለመቻሉ ነው።

«ታዲያ የት ነው? ላውጣት!»

«አይሆንም በሉት። የተቀበረ አይወጣም።»

አያ እንድሪስ ጺማቸውን አሻሹ። «አንቺ፣ ለሕያው ነፍስ ሲባል ቢቆፈር እኮ ወንጀል የለበትም።»

«እሷን አንዴ ቆረጧት። አሁን ደግሞ ቁራጯን ከተማ ለከተማ ሊያዞሯት ነው? እኔ የወለድኳት ለዚህ ነው? አይሆንም!»

ያን ጊዜ የመጣልኝን ተናገርኩ። ክፉ ንግግር ነበር፤ ግን ያለኝ መሣሪያ ምላሴ ብቻ ነው። «አያ፣ ይንገሩልኝ። እሺ፣ አይውጣ። ግን ጉድጓዱን ከአሁኑ አስፍተው ያስቆፍሩት። የቀረችውም ትመጣለች።»

አያ እንድሪስ አላስተላለፉም። «አስተግፊሩላህ!» ብለው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

መጋረጃው ተገለጠ። አማቴ ዶማ ይዘው ወጡ። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ወርዷል፤ ፊታቸው ግልጥ ነው። ሐሊማን ካገባሁ ጀምሮ ፊታቸውን በቅጡ አይቼ አላውቅም ነበር። የሐሊማ ዐይን ነው ያላቸው። እኔ መሬት አየሁ።

«ቀና በል!» አሉኝ። ለእኔ፣ በቀጥታ። «አፍህ መርዝ ነው፣ እሱን ድሮም አውቃለሁ። አንድ ነገር ግን መልስልኝ። ደሴ ሄዳ ምን እንደምትሆን ለእኔ የነገረኝ ማነው? ሐኪሙ ለአንተ ነገረህ። አንተ ለሾፌር ነገርክ። ሾፌር የሚያውቀውን እኔ የወለድኳት አላውቅም! እኔ ግድግዳ ነኝ?»

ማንበብ ሳልችል፣ ወረቀት አምጥተው «እዚህ ጋ አሻራህን አድርግ» ሲሉኝ ምንነቱን የሚነግረኝ ያልነበረበትን ዘመን አውቀዋለሁ። እዚያው ቆሜ፣ ዐይኔን ከእግራቸው ሳላነሳ ነገርኳቸው። እብጠቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ከውጭ እንደማይታወቅ፤ ከቁራጯ ላይ በመሣሪያ እንደሚያዩ፤ ስሙ ከታወቀ መድኃኒቱና ቢላው በልክ እንደሚመጣ፤ ካልታወቀ ግን በዘፈቀደ እንደሚቆረጥ።

«እንዲህ ማለት ምን ያቅታል?» አሉ። «ኮቱ! ና፣ ያዝ ዶማውን።»

ከጓሮ ወዳለችው ቁርቁራ ዛፍ ወሰዱኝ። «የሐሊማ እንግዴ ልጅ ያለው እዚህ ነው» አሉኝ። «አብሮ አደጓ ጋ ነው ያስቀመጥኳት።» ሕይወቴን ሙሉ መሠረት ስቆፍር ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ ቆፍሬ አላውቅም። በዶማ ጀመርኩ፣ በጣቴ ጨረስኩ። ነጩ ጨርቅ ብቅ ሲል አማቴ ገፋ አድርገውኝ ራሳቸው አወጡት። ፈቱት። ክዳኑ እንደጠበቀ ነው። ብልቃጧን ወደ ፀሐይ አነሱልኝ። ፈሳሹ አልጎደለም። ውስጡ የተዘፈዘፈ ባቄላ የምታህል ቁራጭ አለች።

«እንዴት ትንሽ ናት!» አሉና አለቀሱ።

ብልቃጧን ተቀብዬ ልሄድ ስል አልለቅም አሉ። «እኔ ነኝ የማደርሳት።» ማን ይከራከራል? በማግስቱ ጠዋት ከአማቴ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ወደ ደሴ ሄድን። ሶዳን የሚያውቅ ሰው ቢያየን አገር ጠፋ ይል ነበር። በመካከላችን ሽንኩርት የያዘ ዘንቢል አስቀመጥን፤ ለእፍረታችን የቀረን ግድግዳ እሱ ነው። ኮምቦልቻ ላይ የገባ አንድ ቀልደኛ መንገደኛ እጃቸውን አየና፣ «እማማ፣ ምን ቢሆን ነው እንዲህ ያቀፉት? ወርቅ ነው?» አላቸው።

«ልጄ ናት» አሉት።

መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ከንፈሬን ነከስኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ነጠላቸውን ደርበው እስከ ደሴ እንደታቀፏት ደረሱ።

ላቦራቶሪ የተቀበለችን ሴት ስማችንን ጽፋ ልትገባ ስትል አማቴ ክንዷን ያዟት። «ልጄ፣ ምን ታደርጊያታለሽ?»

ሴትዮዋ ሰዓት አየች፣ ከኋላችን የቆመውን ሰልፍ አየች። ከዚያ ዘወር ብላ መጣች። አላህ ይስጣት። «እማዬ፣ በሰም እናደርቃትና ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስተን እንቆርጣታለን። ቀለም ቀብተን በማጉያ እናያታለን። ሥጋዋ ራሷ ምን እንደሆነች ትናገራለች።»

«ትናገር እንግዲህ» አሉ አማቴ፤ ለቀቋት።

የሚጠበቀው ቀን አይገፋም። መልሱ ሲመጣ ሐኪሙ ወንበሩን ወደ ሐሊማ አስጠግቶ ተቀመጠ። ካንሰር ነው፤ ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው ዓይነት አይደለም። ከጡንቻና ከስብ፣ ከለስላሳው የገላ ክፍል የሚነሳ፣ እምብዛም የማይታይ ዓይነት ነው፤ ሳርኮማ ይሉታል። «ስብ ነው ብዬ ባወጣው ኖሮ» አለ፣ «ከላይ ያለውን አንስቼ ዘሩን በጭኗ ሁሉ እበትነው ነበር። በጋለ ብረት ቢነካ ደግሞ የባሰ ነበር። ወደ ሳንባ እንዳልሄደ እናያለን፤ ካልሄደ እግሯን ሳንቆርጥ ማዳን የሚቻልበት ዕድል አለ።»

ሐሊማ ሰማችና፣ «ሁለተኛ አልቆረጥም ብዬ ምዬ ነበር» አለች።

አማቴ ከጥግ ሆነው መለሱ። «የመሐላሽን ማፍረሻ እኔ እጾምልሻለሁ። አንቺ ተቆረጪ።»

ሸሪዓው እንዲህ ይፈቅድ እንደሆነ አያ እንድሪስን አልጠየቅኩም። ሐሊማ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ እሺ አለች።

ሳንባዋ ንጹሕ ነበር። አዲስ አበባ ተላክን። እዚያ ያየሁትን ሰልፍ ልጽፈው ብል ንዴቴ ወረቀቱን ያቃጥለዋል። የጨረር ሕክምና የሚጠብቅ ሰው ኮሪደር ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ ይተኛል፤ መሣሪያው ጥቂት፣ ሕመምተኛው እልፍ። ሐኪሞቹን አልወቅስም፤ እነሱም እንደ እኛ የደከሙ ናቸው። የምወቅሰው፣ ሕንፃ ከፎቅ ላይ ፎቅ ሲደረደርልን እያየ የሕሙማንን ተራ ያላየውን ሁሉ ነው። አጠገባችን የነበረች አንዲት ልጅ እብጠቷ መጀመሪያ ስብ ነው ተብሎ ተቀድዶላት፣ ተመልሶ በሦስት ቦታ በቅሎባት ነበር የመጣችው። ተራዋ ሲደርስ ክንዷን ማዳን አልተቻለም። ከዚያ ወዲያ የእኛን ዕድል ለማንም በጉራ አላወራሁም።

ሐሊማ መጀመሪያ ጨረር ተሰጣት። ቀጥሎ እብጠቱን በዙሪያው ካለው ጤነኛ ሥጋ ጋር አንድ ላይ አወጡት። ቀዶ ጥገናው ሲያልቅ ሐኪሟ ወጥታ፣ «እግሯ አለ» ስትለን አማቴ ጫማዋ ላይ ሊደፉ ሲሉ በብርቱ ይዘን አስቀረናቸው።

አንባቢዬ፣ አሁን የምነግርህ ምክር ነው፤ ባትወደውም ስማ። ገላህ ላይ የወጣ እብጠት እያደገ ከሄደ፣ ወደ ውስጥ የጠለቀ ከሆነ፣ ባያምምህም ተመርመር። ለእኛ አገር ሰው ካላመመ ሕመም አይደለም፤ ይሄ ነው የሚገድለን። ምንነቱ ሳይታወቅ አታስቆርጥ፣ አታስተኩስ። ደግሞ አንቺ እህቴ፣ ጭን ነው፣ ጡት ነው፣ እፍረት ነው ብለሽ አትደብቂ። እናንተ ሐኪሞች ደግሞ ከበር ውጭ የተቀመጠችውን አሮጊት ጥሯት። የወለደችውን ሰው ሥጋ ይዛችሁ ስትሄዱ ወዴት እንደምትሄዱ ንገሯት። ጊዜ የለንም አትበሉ፤ ለመንገር ያልወጣ ጊዜ ኋላ በዶማ ነው የሚከፈለው።

እኔ ምን ተለወጥኩ? አፌ ያው ነው፤ ጠይቁ። ግን አማቴ ሲመጡ ጓዳ አይገቡም። ፊት ለፊት ተቀምጠን እንጨቃጨቃለን። ዘመድ ያማናል፤ ይማን።

በሽታው ሊመለስ ይችላል። ሐኪሞቹ አልደበቁንም። በየጥቂት ወሩ ደረቷን ለመታየት እንሄዳለን። ባለፈው ሳምንት ሄደን ነበር። ንጹሕ ነው አሉን። ከሚሴ መናኸሪያ ስንደርስ ገና መኪናው ሳይቆም ወረደች። ቀኝ እግሯን ትንሽ እየጎተተች፣ ባዶ ዘንቢሏን እያወዛወዘች በሰው መሐል ገባች። እኔ ቆሜ ከኋላዋ አየሁ። ዞር አለች።

«ምን ትገተራለህ? ገበያው ሊበተን ነው፤ ፍጠን!»

ፈጠንኩ። ግን አልደረስኩባትም።